ጋናን ያደኸያት ማን ነው? የ31 መልሶች ክርክር

በውይይት መድረካችን ሰሞኑን ስለ ጋና አንድ ክር ተከፍቷል። ይህን ስጽፍ 31 መልስ ደርሷል። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ላጣችሁ በቁጥራቸው እየሄድኩ ላውራችሁ። አንዳንዱን ዘለል አደርገዋለሁ፤ አንዳንዱ ላይ ግን ቆም እላለሁ። ስለ ምዕራብ አፍሪካ ታሪክ እንዲህ ቁም ነገር ያለው ጨዋታ በአማርኛ ብዙ አይገኝምና። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ክሩን የከፈተው ሰው የጀመረው ፍርድ በመስጠት ነው። ጋና ማርች 6 ቀን 1957 ነጻ ስትወጣ ወደ 200 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ የውጭ ምንዛሪ ክምችት ነበራት። በኮኮዋ ምርት ከዓለም አንደኛ ነበረች። ጥሩ ትምህርት ቤቶችና የተማረ የመንግሥት ሠራተኛ ነበራት። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላ ካዝናው ተራቆተ፣ ሱቁ ባዶ ሆነ፣ ዕዳው ተቆለለ። ተጠያቂው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው መሪዋ ክዋሜ ንክሩማህ። እኛ አዲስ አበባ አፍሪካ ኅብረት ግቢ የቆመ ሐውልቱን እያየን እንኮራበታለን፤ ጋናውያን ግን ያደረሰባቸውን ያውቃሉ ብሎ ደምድሟል።

1ኛው መልስ ጨዋ ነው። ጸሐፊውን እርስዎ እያለ ያመሰግንና ቁጥሩ ልክ መሆኑን ይቀበላል። ከዚያ አንድ ነገር ያክላል። ያ 200 ሚሊዮን ፓውንድ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ቅኝ ገዢው መንግሥት በ1947 ያቋቋመው የኮኮዋ ግብይት ቦርድ ከገበሬው በርካሽ እየገዛ፣ በዓለም ገበያ በውድ እየሸጠ፣ ልዩነቱን ለንደን ያስቀመጠው ገንዘብ ትልቁ ክፍሉ ነው። ስለዚህ ንክሩማህ ያገኘው ካዝና ቀድሞውኑ የገበሬው ነበር ይላል። በኔ እይታ የክሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው ያለው። የሚገርመው ግን እስከ 9ኛው መልስ ድረስ ማንም ልብ አላለውም።

2ኛው የንክሩማህ ወዳጅ ነው። ገንዘቡ የት ገባ ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ ሄዳችሁ እዩት። ቴማ ላይ በ1962 የተከፈተው ወደብ አለ። ከአክራ ቴማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ አለ። በየመንደሩ የተከፈቱ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በጃንዋሪ 1966 የተመረቀው የአኮሶምቦ ግድብ አለ፤ ጋናም ጎረቤቶቿም ዛሬም ድረስ ከእሱ መብራት ያገኛሉ።

3ኛው ግድቡን አልካደም፤ ውሉን ግን ገለጥ አድርጎ አሳየ። ከግድቡ ወጪ ግማሹን የከፈለችው ጋና ራሷ ነች። የተቀረው ከዓለም ባንክ፣ ከአሜሪካና ከእንግሊዝ የመጣ ብድር ነው። ብድሩ እንዲገኝ ኤሌክትሪኩን በብዛት የሚገዛ ደንበኛ መኖር ነበረበት። ደንበኛው ቴማ የተተከለው ቫልኮ የተባለ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ሆነ። ባለቤቶቹ ካይዘርና ሬይኖልድስ የተባሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች ነበሩ። ኃይሉን በጣም በረከሰ ዋጋ ለረጅም ዓመት ተዋዋሉ። ጋና የአሉሚኒየም ማዕድን የሆነው ቦክሳይት የራሷ እያላት ማቅለጫው ጥሬ ዕቃውን ከውጭ ያስመጣ ነበር። ንክሩማህ የተመኘው ከመሬት አውጥቶ እስከ ድስት የሚያደርስ ኢንዱስትሪ ነበር፤ የተፈራረመው ግን መሀሉን ብቻ ነው። ወደ 80 ሺህ ሰዎች ደግሞ ከቀያቸው ተነስተው በአዲስ መንደሮች ሰፈሩ።

4ኛውን የጻፈው በሥራ ጉዳይ ጋና የኖረ ሰው ነው። ግድቡ የፈጠረውን ቮልታ ሐይቅን በጀልባ ሲሻገር ያየውን ነገረን። ውሃው ሲሞላ ጫካው አልተመነጠረም ነበር። ስለዚህ የደረቁ የዛፍ ግንዶች ከውሃው በላይ ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ። አንዳንዱ ደግሞ ከውሃው በታች ተደብቋል። ጀልባ ነጂው ፊት ለፊት አንድ ልጅ አስቀምጦ ግንድ ያለበትን እንዲጠቁመው ያደርግ ነበር። ልጁ እጁን ወደ ግራ ሲያነሳ ጀልባው ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ከእነዚህ ግንዶች ጋር ተላትሞ የሰጠመ ጀልባ ብዙ ነው። ከፖለቲካው ክርክር ጋር አይገናኝም ያሉት ነበሩ፤ እኔ ግን በጣም ይገናኛል እላለሁ። በችኮላ የተሠራ ትልቅ ሥራ ለተራው ሰው ምን ትቶ እንዳለፈ ያሳያል።

5ኛው ላይ ድምፁ ከፍ ማለት ጀመረ። ስለ መብራትና ስለ ወደብ ስታወሩ ስለ እስር ቤቱ ለምን ዝም አላችሁ የሚል ነው። በ1958 የወጣው የቅድመ ጥንቃቄ እስራት ሕግ ሰውን ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት ለማሰር ይፈቅዳል። ጄ ቢ ዳንኳ፣ ንክሩማህ በ1947 ከለንደን ተጠርቶ ሲመጣ ከጠሩት የፓርቲ መሪዎች አንዱ፣ በፌብሩዋሪ 1965 ንሳዋም እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ይኸው ጸሐፊ የአኮ አጄይንም ነገር አመጣ። ንክሩማህን ለፓርቲው ያስተዋወቀው አኮ አጄይ ነው። በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። በ1962 ንክሩማህን በቦምብ ለመግደል በተደረገው ሙከራ ተጠርጥሮ ታሰረ። ፍርድ ቤት ነጻ አወጣው። ንክሩማህ ፍርዱን የሰጡትን ዋና ዳኛ አርኩ ኮርሳን ከሥልጣን አነሳ። ጉዳዩ እንደገና ታየና የሞት ፍርድ ተበየነበት፤ ባይፈጸምም። እውነት ለመናገር ይህን አንብቤ የንክሩማህን ሐውልት እንደ በፊቱ ማየት ይከብደኛል።

6ኛው ለዚህ መልስ ሰጠ፤ ቦምቡስ ውሸት ነበር ወይ ብሎ። በኦገስት 1962 ኩሉንጉጉ ላይ የተወረወረው የእጅ ቦምብ ሰው ገድሏል። በጃንዋሪ 1964 ደግሞ አንድ ፖሊስ በፕሬዚዳንቱ ግቢ ውስጥ ተኩሶበት ጠባቂውን ገደለ። እየተተኮሰበት ያለ ሰው ይጠራጠራል ይላል። ልክ ነው፤ ይጠራጠራል። ዳንኳን ግን ማን ተኩሰሃል አለው?

7ኛው ወደ አዲስ አበባ አመጣን። በሜይ 1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ንክሩማህ የመጣው አንድ የአህጉር መንግሥት እንዲቋቋም ሊያሳምን ነበር። አብዛኞቹ መሪዎች ቀስ ብለን እንሂድ አሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለቱን ወገን ለማስማማት ደከሙ፤ ቻርተሩም ተፈረመ። እዚህ ድረስ ሁላችንም የምናውቀው ነው። መልሱ ያስተማረኝ ቀጣዩ ክፍል ነው። የ1965ቱ ጉባኤ አክራ ላይ ሲደረግ፣ ጋና ለእንግዶቹ መሪዎች ጆብ 600 የተባለ ትልቅ ሕንጻ በጥድፊያ አስገነባች። በዚያው ዓመት የአክራ ሰው ስኳርና ወተት ፍለጋ ሰልፍ ይዞ ነበር። ከፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ አገሮች ደግሞ ብዙዎቹ በጉባኤው ሳይገኙ ቀሩ።

8ኛው ክሩን የከፈተው ሰው ራሱ ነው። እርስዎ መባባሉ እዚህ ላይ አበቃ። 2ኛውንና 6ኛውን አንተ እያለ፣ ሐውልት አምላኪዎች ብሎ ወረፋቸው። አዲስ መረጃ አልጨመረም።

9ኛው ክሩን አቀና። የጻፈችው እህት የግብርና ምጣኔ ሀብት ያጠናች ናት። ስለ ፕሬዚዳንቶች ትታችሁ ስለ ዋጋ ተነጋገሩ አለች። ከዚያም ስሌቱን ደረጃ በደረጃ አስቀመጠችው። የጋና ገበሬ ኮኮዋውን የሚሸጠው በሸክም ነው። አንድ ሸክም በክብደት 60 ፓውንድ፣ ማለትም 27 ኪሎ ገደማ ነው። በ1954 የንክሩማህ መንግሥት፣ ገና ከነጻነት በፊት፣ የአንድ ሸክም ዋጋ ለአራት ዓመት 72 ሽልንግ ሆኖ እንዲቆይ በሕግ ወሰነ። በአንድ ቶን ወደ 37 ሸክም አለ። አንድ የእንግሊዝ ፓውንድ ደግሞ 20 ሽልንግ ነበር፤ ስለዚህ ገበሬው በቶን የሚያገኘው 134 ፓውንድ ገደማ ነው። በዚያው ዓመት የለንደን ዋጋ በቶን ከ400 ፓውንድ በላይ ወጥቶ ነበር። ገበሬው ሲሶውን ቢያገኝ ነው።

ይህች እህት በዚህ አላቆመችም፤ አንድ ቶን ምን ያህል ሥራ እንደሆነ አስረዳች። ፍሬው ከዛፉ በገጀራ ይቆረጣል፤ ይፈለጣል። ነጩ ፍሬ ከነልጋጉ ወጥቶ በሙዝ ቅጠል ይጠቀለልና ስድስት ቀን ያህል ይብላላል። ከዚያ በእንጨት አልጋ ላይ በተዘረጋ ሰሌን ይሰጣል። ሴቶቹ በየሰዓቱ በእጃቸው ያገላብጡታል፤ ዝናብ ሲመጣ ሮጠው ይሸፍኑታል። ከደረቀ በኋላ በጭንቅላት ተሸክመው መንደር ወዳለው ገዢ ይወስዱታል። እዚያ ደግሞ ሚዛኑ አለ። ገዢው ሚዛኑን ወደ ራሱ እንደሚያጋድል ገበሬው ያውቃል፤ ሌላ የሚሸጥበት ቦታ ግን የለውም። ይህን ሁሉ አልፎ የሚደርሰው 72 ሽልንግ ነው።

10ኛው ይህንን ከ1ኛው ጋር አገናኘው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ኩማሲ ላይ ብሔራዊ ነጻነት ንቅናቄ የተባለ ተቃዋሚ ተነሳ። ብዙዎቻችን የምናውቀው የአሻንቲ የጎሳ እንቅስቃሴ ተብሎ ነው። መነሻው ግን የኮኮዋ ዋጋ ነበር፤ የአሻንቲ አለቆች በኋላ ነው የገቡበት። ቤት በዲናሚት ፈረሰ፣ ሰው ሞተ። እንግሊዞች ከነጻነት በፊት በ1956 ሌላ ምርጫ እንዲደረግ አስገደዱ። የንክሩማህ ፓርቲ ከ104 ወንበር 71ዱን አሸነፈ። ንቅናቄው ተሸነፈ፤ የገበሬው ቅሬታ ግን አልተመለሰም። የጎሳ ጠብ ሲባል ከሥሩ ያለውን ሒሳብ መፈተሽ እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላየሁም።

11ኛው አጭር እርማት ነው፤ ገበሬውን ማለብ የጀመረው ንክሩማህ ሳይሆን ቅኝ ገዢው ነው የሚል። እውነት ነው፤ 1ኛውም ብሎታል።

12ኛው የኔ ነው። የጨመርኩት ስለ 1965 ነው። በ1950ዎቹ ዋጋው ጥሩ በነበረ ጊዜ ገበሬው ብዙ ዛፍ ተክሏል። ኮኮዋ ፍሬ ለመስጠት ዓመታት ይፈልጋል። እነዚያ ዛፎች በ1960ዎቹ አጋማሽ አፈሩ፤ ምርቱም በዓመት ከ500 ሺህ ቶን አለፈ። ጋና ትልቋ አምራች ስለነበረች የራሷ ምርት ዋጋውን ሰበረው። በ1965 የዓለም ዋጋ ከ1954ቱ ግማሽ በታች ወረደ። ንክሩማህ ደግሞ በ1964 የሰባት ዓመት የልማት ዕቅዱን ጀምሮ ነበር። ፋብሪካዎቹ የተገዙት አብዛኞቹ በአጭር ጊዜ በሚከፈል የአቅራቢዎች ብድር ነው። ዕዳው የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ የኮኮዋው ገንዘብ አልነበረም። አጥፍቷል፤ ግን ብቻውን አላጠፋም ነው ያልኩት።

ከ13 እስከ 15 ያሉት ስለ መፈንቅለ መንግሥቱ ናቸው። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1966 ንክሩማህ ወደ ሃኖይ ለሰላም ሽምግልና ሲጓዝ ወታደሩና ፖሊሱ ሥልጣን ያዙ። ቤጂንግ ሲደርስ ነው የተነገረው። ከዚያ ጊኒ ሄደ፤ ሴኩ ቱሬ የክብር ተባባሪ ፕሬዚዳንት አደረገው፤ በ1972 ቡካሬስት ውስጥ ሞተ። 13ኛው ሥራው የሲአይኤ ነው አለ። 14ኛው ማስረጃ አምጣ ብሎ ጮኸ። 15ኛው መሀል ገባ። ኋላ ይፋ የወጡት የአሜሪካ መንግሥት ሰነዶች ዋሽንግተን ሴራ እየተሸረበ እንደነበር ቀድማ ማወቋን ያሳያሉ አለ፤ ማወቅና መሥራት ግን ይለያያሉ። በዚያ ቀን አክራ ውስጥ ሕዝቡ ወጥቶ ሲጨፍር፣ ሐውልቱን ሲያፈርስ ማንም አላስገደደውም። 13ና 14 ከዚህ በኋላ ወደ ግል ስድብ ሄዱ፤ አወያዩም ከሁለቱም የተወሰነ ቆርጦ አወጣ።

16ኛው ወደ ሲቪሉ መሪ ወደ ኮፊ ቡሲያ ወሰደን። የተማረ፣ ዴሞክራት የተባለ ሰው ነበር። በኖቬምበር 1969 መንግሥቱ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲወጡ አዘዘ። በአብዛኛው ናይጄሪያውያን፣ የላይኛው ቮልታ (የዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ) እና የኒጀር ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹ እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው። ነጋዴው ሲባረር ገበያው ተናጋ። የኮኮዋ እርሻ የቀን ሠራተኛው ሲባረር ደግሞ ማሳውን ጫካ በላው። በዲሴምበር 1971 ቡሲያ የጋናን ገንዘብ የሴዲን ዋጋ በአንድ ጊዜ በእጅጉ ዝቅ አደረገ። በጃንዋሪ 1972 ኮሎኔል አቻምፖንግ ገለበጠው።

17ኛው ከጅዳ የተጻፈ ነው። ስለ ጋና ብዙ እንደማያውቅ፣ ስለ መባረር ግን እንደሚያውቅ ይናገራል። በጃንዋሪ 1983 ናይጄሪያ በተራዋ ያለ ወረቀት የሚኖሩ የውጭ ዜጎችን አባረረች። ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉት ጋናውያን ነበሩ። ያላቸውን ሁሉ በዚያ ባለ ቼክ መስመር የላስቲክ ሻንጣ አጭቀው በቤኒንና በቶጎ በኩል በጭነት መኪና ተመለሱ። ሻንጣው ዛሬም ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ ጋና መስት ጎ ነው የሚባለው። ይህ ሰው በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ እዚያው ነበር። ያንኑ ዓይነት ሻንጣ በኤርፖርቱ መሬት ላይ ተደርድሮ አይቷል። ከላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የስልክ ቁጥር ነበረበት፤ የጠፋው ሰው ባይገኝ ሻንጣው እንኳ ቤተሰቡ ዘንድ እንዲደርስ።

18ኛው ናይጄሪያ የ1969ኙን ብድር መለሰች ወይ ብሎ ጠየቀ። 19ኛው ቂሙ ባይጠፋም የነዳጅ ዘይት ዋጋ መውደቁና 1983 ናይጄሪያ ውስጥ የምርጫ ዓመት መሆኑ ይበልጣል አለ። እኔም እዚያ ላይ ነኝ።

20ኛው ስለ አቻምፖንግ ነው። ሲጀምር ተወዶ ነበር፤ አንዳንድ የንክሩማህ ዘመን ዕዳዎችን አንከፍልም አለ፤ ራስህን መግብ የሚል የእርሻ ዘመቻ ጀመረ፤ መጀመሪያ ላይ ሩዙም በቆሎውም ጥሩ ሄደ። በ1974 መኪናው ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲነዳ አደረገ። ኋላ ግን መንግሥቱ ገንዘብ ማተም ላይ ወደቀ። የውጭ ዕቃ ማስገቢያ ፈቃድ ለወዳጅ ዘመድ ይታደል ጀመር። ካላቡሌ የሚባለው የአየር በአየር ንግድ ነገሠ። ገበሬው ምን አደረገ? ኮኮዋውን በሌሊት ድንበር አሻግሮ ለኮትዲቯርና ለቶጎ ገበያ ሸጠ። ሴዲ የማይረባ ወረቀት ሲሆን የጎረቤቶቹ ገንዘብ ሴፋ ፍራንክ ግን ሳሙናም መብራት ዘይትም ይገዛል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮትዲቯር ጋናን በልጣ አንደኛ ሆነች።

21ኛው ላይ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያነበበ ይመስለኛል። በጁን 1979 የበረራ ሻምበል ጄሪ ሮሊንግስና የበታች ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስምንት ከፍተኛ መኮንኖች ተረሸኑ፤ ሦስቱ የቀድሞ ርዕሰ ብሔሮች ናቸው፤ አቻምፖንግ፣ አኩፎና አፍሪፋ። የጻፈው ሰው በኖቬምበር 1974 በደርግ ከተረሸኑት 60ዎቹ አንዱ ዘመዱ ነው። ደም ይፍሰስ እያለ ሲጮህ የነበረውን የአክራ ተማሪ ሰልፍ ሲያነብ ምን እንደተሰማው ጽፏል። አንድ ነገርም ጨመረ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወታደሮች አክራ መሀል የነበረውን ማኮላ ገበያ አፈራረሱት። ዋጋ ያስወደዱት የገበያ ሴቶች ናቸው ተብሎ ነጋዴዎቹ ተገረፉ። ገንዘቡን ያተመው መንግሥት፣ የተገረፈችው ቲማቲም ሻጭ።

22ኛው ወጣት ነው፤ ሮሊንግስን ጀግና ይለዋል፤ ሌባን ያጸዳ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የሚያስፈልገን ይላል። 23ኛው በጣም ተቆጣ። በጁን 1982፣ ሮሊንግስ ለሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን ከያዘ በስድስተኛው ወር፣ ሦስት የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞችና አንድ ጡረተኛ ሻለቃ በሌሊት ከቤታቸው ተወስደው ተገደሉ። አንዷ ዳኛ ሕጻን የምታጠባ እናት ነበረች። ጽዳት ማለትህ ይህንን ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። 22ኛው አልመለሰም። እኔም ከ23ኛው ጋር ነኝ፤ ያለ ፍርድ የሚገደል ሰው ሌባ ይሁን ንጹሕ ማን ያውቃል?

24ኛው ከሜሪላንድ ነው፤ ነርስ ናት። አብራት የምትሠራ ጋናዊት የነገረቻትን ጻፈች። በ1983 ዝናብ ቀረ፣ የሰደድ እሳት የኮኮዋውን እርሻ በላው፣ ከናይጄሪያ የተባረረው ሚሊዮን ሰው በዚያው ላይ ደረሰ። ሰው ሁሉ ከስቶ የአንገቱ አጥንት ወጣ። ለዚያ አጥንት የሮሊንግስ ሐብል የሚል ስም አወጡለት። ልጅቷ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። እናቷ ሌሊት ትቀሰቅሳትና ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ምግብ የምትሠራ ሴት በር ላይ ታሰልፋታለች። ሊጡ ገና ሳይበስል ተሽጦ ያልቅ ነበር። ዛሬ ያቺ ልጅ በሥራ ቦታ ምሳ ሲተርፍ ማየት አትችልም፤ በላስቲክ ቋጥራ ቤቷ ትወስደዋለች።

25ኛው ታዲያ ያዳናቸው አይኤምኤፍ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 9ኛዋ እህት በ26 ተመለሰች። ሮሊንግስ ራሱን አብዮተኛ ቢልም በአፕሪል 1983 የገንዘብ ኃላፊው ክዌሲ ቦችዌይ ገበያ ተኮር ፕሮግራም አወጀ። ለዓመታት በዶላር 2.75 ሴዲ ላይ ታስሮ የነበረው ምንዛሪ ተለቀቀ። የኮኮዋ ገበሬው ዋጋ በቶን ከ12 ሺህ ወደ 20 ሺህ ሴዲ ከፍ አለ፤ ከዚያም በየዓመቱ ጨመረ። በ1983/84 ወደ 160 ሺህ ቶን ወርዶ የነበረው ምርት ቀስ እያለ አገገመ። ለገበሬው ሲከፈለው ኮኮዋው ከድንበሩ ተመለሰ ትላለች። ከዚያ ደግሞ ሌላውን ጎን አልደበቀችም። የኮኮዋ ቦርዱ ብቻ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ቀነሰ። ሆስፒታሉ ገንዘብ ካልተከፈለ የማያክም ሆነ። ከተሜው ከፈለ፤ ገጠሬው ትንሽ ተነፈሰ።

27ኛው ያስደሰተኝ መልስ ነው፤ ስለ ድህነት ብቻ ስናወራ ጋና የሠራችውን ነገር ረሳን ይላል። በ1992 ሕገ መንግሥት ጸደቀ። በ2000 ምርጫ የሮሊንግስ ፓርቲ ተሸነፈ፤ ሮሊንግስም ሥልጣኑን ለጆን ኩፎር አስረክቦ ወጣ። በ2008 ጆን አታ ሚልስ ያሸነፈው ከግማሽ በመቶ በታች በሆነ ልዩነት ነው፤ ተሸናፊው ናና አኩፎ አዶ ውጤቱን ተቀበለ። የ2012ቱ ምርጫ ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ችሎቱ በቴሌቪዥን ለሕዝብ ተላለፈ። በዲሴምበር 2024 ደግሞ ተሸናፊው እጩ ቆጠራው ሳያልቅ ለአሸናፊው ደውሎ እንኳን ደስ አለህ አለ። ይህ ሁሉ በጥይት ርዕሰ ብሔር በተለዋወጠች አገር ነው የሆነው። ቢደጋገምም አልሰለችም።

28ኛው ዴሞክራሲ ዳቦ አይሆንም አለ። በ2010 ነዳጅ ዘይት ማውጣት የጀመረች አገር በዲሴምበር 2022 የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቆመች፤ የዋጋ ንረቱ 54 በመቶ ደረሰ። ኢትዮጵያም በዲሴምበር 2023 የቦንድ ወለዷን ሳትከፍል ቀረች፤ ሁለቱም በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ ውስጥ ከአበዳሪ ጋር ሲደራደሩ ከረሙ። ከዚህ በኋላ 29 እና 30 ስለ ብር መለቀቅና ስለ ዘይት ዋጋ ገቡ፤ ከጋና ወጣን።

31ኛው መለሰን። በ2024 የኮኮዋ ዋጋ በቶን ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ። የጋና ገበሬ ግን ያንን ዋጋ አላየውም፤ ቦርዱ ምርቱን አስቀድሞ በውል ሸጦት ነበር። ያው የድሮው ነገር፤ ኮኮዋው በሌሊት ወደ ቶጎና ኮትዲቯር ሄደ። አንዳንዱ ገበሬ ደግሞ መሬቱን ጋላምሴ ለሚባሉት ሕገ ወጥ የወርቅ ቆፋሪዎች ሸጠ። እነሱ ሲወጡ የቀረው ቡናማ ውሃ የሞላ ጉድጓድ ነው።

32ኛውን ልጽፍ ነው፤ የምጽፈው ጥያቄ ነው። ንክሩማህና የኮትዲቯሩ ሁፌ ቧኚ በ1957 የማን መንገድ እንደሚሻል ተወራርደው ነበር። ኮትዲቯርም የገበሬዋን ዋጋ የምትወስነው በመንግሥት ድርጅት ነበር። ልዩነቱ፣ ሁፌ ቧኚ የላይኛው ቮልታውን ስደተኛ አላባረረም፤ መሬት የሚያለማው ሰው ንብረት ነው ብሎ አስገባው። ቢሆንም ዋጋ ሲወድቅ በ1987 እሷም ዕዳ መክፈል አቆመች። በኋላም በመሬትና በዜግነት ጥያቄ ተዋጋች። አቢጃን የኖራችሁ ካላችሁ ግቡና ንገሩን፤ ገበሬው እዚያ ከዋጋው ስንት ይደርሰው ነበር?